የአጣቢዋ አማና

አዴ ጁሀራን እጠላቸዋለሁ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ በኋላ ሰው «ሃጂራ ለእውነት ብላ ነው የተናገረችው» ብሎ እንዳያሞግሰኝ ነው። ለእውነት ብዬ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ እኝህን ሴትዮ የማቃጥልበት እሳት ስፈልግ ኖሬ፣ እሳቱን አንድ ዶክተር በገዛ እጁ ሱቄ ድረስ አመጣልኝ።

ሱቄ ሮቤ ገበያ ውስጥ ነው። ድሪያ፣ ሻሽ፣ የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ከሱቁ በስተኋላ ባለችው ክፍል ታናሽ እህቴ ኢፍቱ ትሰፋለች። እናታችን ከሞተች በኋላ የዳርኳት እኔ ነኝ፣ ለባሎቿም አብሬያት ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ባሎቿ ማለቴ ሁለት ስለነበሩ ነው። የመጀመሪያው በተጋቡ በዓመቱ ሻሸመኔ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሞተ። ሁለተኛው ከማለዲን ነው፣ የጎባው፣ የአዴ ጁሀራ የበኩር ልጅ። ከደሎ መና ቡናና ማር እያመጣ የሚነግድ፣ ሲስቅ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነበር። ሙሉካን ወለዱ። እህቴን እንደዚያ ዘመን ደልቷት አይቻት አላውቅም።

አንድ ቀን ከማለዲን ከደሎ መና ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ታጥፎ ተቀምጦ መጣና «ባቴን ያዘኝ» አለ። እግሩ አብጦ ጠቁሮ ነበር። ኢፍቱ ሆስፒታል እንሂድ ብላ ለመነች። አዴ ጁሀራ ግን «ለወለምታ ሆስፒታል?» ብለው ወጌሻ አስጠሩ። ወጌሻው ያን እግር በቅቤ ሲያሸው አመሸ። በማግስቱ ከማለዲን ለሱብሂ ሶላት ሊነሣ ሲል «ትንፋሼን» አለና ኢፍቱ ክንድ ላይ ወደቀ። አልተነሣም።

የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አዴ ጁሀራ እህቴን በጣታቸው አመለከቱና «ይቺ ገፊ! አንዱን በመኪና ገፋች፣ የኔን በእግሩ ገፋችብኝ!» አሉ። ገፊ የሚባለውን የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው፤ ባሏን ወደ ሞት የምትገፋ፣ ዕጣዋ ወንድ የሚበላ ሴት ማለት ነው። ቃሉ በአንዲት ሴት ላይ አንዴ ከተለጠፈ እንደ ሙጫ ነው፣ ሳሙና አያስለቅቀውም። ኢዳዋን፣ የመበለትነት ወራቷን፣ እንደጨረሰች ልብሷን በከረጢት አድርገው አስወጧት። ሙሉካን አስቀሩ። «የልጄ ልጅ ከገፊ ጋር አታድግም» አሉ። ሽማግሌዎቹም ልጅ የአባት ጎሳ ናት ብለው ተስማሙላቸው። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሂጂ ያላት ብዙ ነበር። ኢፍቱ ግን «ልጄን በእናቷና በአያቷ መካከል ለምስክርነት አላቆማትም» ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ልጇን የምታየው ጎባ ሄዳ በትምህርት ቤት አጥር በኩል ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፣ ሙሉካን ለእናቷ መመለስና አዴ ጁሀራን ማዋረድ። ሁለት ነገር ነው ካላችሁኝ፣ ለእኔ አንድ ነበር።

ዶክተሩ የመጣው ዘንድሮ፣ ገብስ ሊታጨድ ሲል ነው። ኃይለልዑል ይባላል። የደብረ ማርቆስ ሰው ነው፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ የሮቤ ብርድ ያስመረረው ልጅ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ቆሞ እንኳ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ነበር። ኢፍቱን ፈልጎ ነው የመጣው። እሷ ዕቃ ልታደርስ ወጥታ ስለነበር እኔ አስቀመጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከማለዲን ታናሽ ወንድም ኢብሳ ኩላሊቱ ደክሟል። ጠዋት ጠዋት ፊቱ ያብጣል፣ ሽንቱ አረፋ ይሠራል፣ ከወፍጮ ቤት ሥራውም ቀርቷል። ዶክተር ኃይለልዑል ሲመረምረው የወንድሙን አሟሟት ሰማና ጆሮውን አቆመ። ጥናቱ ለካ እሱው ነው። አንዳንዱ ሰው ደሙ እግሩ ውስጥ ይረጋል፣ የረጋው ቁራጭ ተነቅሎ ሳንባው ውስጥ ሲወተፍ ይገድለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ኩላሊቱ በዓመታት ቀስ እያለ ይደክማል። ሁለቱ የማይገናኙ በሽታዎች ይመስላሉ።

«ግን ከእናትና ከአባታችን በምንወርሰው ውስጥ ትንንሽ ምልክቶች አሉ» አለኝ። «ተመራማሪዎች ሁለቱን በሽታዎች አስተያይተው ሲያጠኑ፣ ከምልክቶቹ አንዳንዶቹ በሁለቱም ዘንድ ተገኙ። ለደም መርጋትም፣ ለኩላሊት መድከምም የሚያጋልጡ።»

«እንግዲያው የከማለዲን እግርና የኢብሳ ኩላሊት ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው።»

ሳቀ። «ሊሆኑ ይችላሉ። ነው ብዬ ግን አልናገርም። ምልክቱ ያለበት ሰው ሁሉ አይታመምም። ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ፍርድ አይደለም።»

ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኳት። ልቤ ሌላ ጋ ነበር።

«ዶክተር፣ ባል ይህን ነገር ከሚስቱ ይወርሳል?»

«ከሚስቱ? አይወረስም። ከወላጆቹ ነው።»

«እባክዎ ይድገሙልኝ።»

ግራ እየገባው ደገመልኝ። ሙዚቃ የምወድ ሰው አይደለሁም፣ ያን ቀን ግን ዘፈን የሰማሁ መሰለኝ።

የመጣበትን ምክንያት ከዚያ ነገረኝ። የሙሉካን ደም መውሰድ ይፈልጋል። አዴ ጁሀራ ፈቅደዋል፣ እንዲያውም ቸኩለዋል። እናት በሕይወት እያለች ግን የአያት ፈቃድ አይበቃም። ስለዚህ ኢፍቱ ጎባ፣ አዴ ጁሀራ ቤት መጥታ መፍቀድ አለባት። ይህንንም አስደገምኩት። እኝያ እህቴን በከረጢት ያስወጧት ሴትዮ ዛሬ የእሷ «እሺ» አስፈልጓቸዋል። ከወንበሬ ተነሥቼ ሻይ አዘዝኩለት፣ ዳቦም ጨመርኩበት።

ሻዩን እየጠጣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «አማች ስለሆናችሁ ነው። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ እግሩ አብጦ ድንገት የሞተ ሌላ ሰው ያውቃሉ? በተለይ ከወሊድ በኋላ የሞተች ሴት?»

እጄ ጨርቅ ላይ ቀረ። «አላውቅም» አልኩት።

አውቅ ነበር።

ከጨርቁ ሌላ አንድ ሥራ አለኝ። የሞቱ ሴቶችን አጥባለሁ። ከእናቴ የወረስኩት ነው፣ ምንዳውም ከአላህ ነው። የዚህ ሥራ ሕጉ አንድ ነው። የሟቿ ፊት በርቶ ካየሽ ተናገሪ፣ ሰው ይጽናና። ነውር ካየሽ፣ ጠባሳ ካየሽ፣ ከቤተሰቡ የተደበቀ ነገር ካየሽ ግን ከእጣቢው ጋር አፍስሺው። አማና ነው፣ የሙታን አደራ። እናቴ «ሴቶቹ ራቁታቸውን የሚሰጡሽ ምላስ ስለሌለሽ ነው» ትለኝ ነበር። በዚህም ምክንያት ሮቤና ጎባ ውስጥ ምላሴ ለገበያ ስለታም፣ ለሙታን ድዳ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ኢፍቱ ተማሪ ሳለች፣ የአዴ ጁሀራ ታናሽ እህት ጎባ ላይ አራስ እንደሆነች ሞተች። እናቴ ልታጥብ ሄደች፣ እኔ እጅ ላቀብላት አብሬያት ሄድኩ። ውኃውን በጣሳ የሚያፈሱት አዴ ጁሀራ ራሳቸው ነበሩ። ግራ እግሯ ከጭኗ ጀምሮ አብጦ ጠቁሯል። እናቴ እጇን አቆመችና በኦሮምኛ «ልክ እንደ እናትሽ» አለቻቸው። የአዴ ጁሀራን እናትም ዲንሾ ላይ ያጠበቻት እናቴ ኖራለች፣ ለካ ሴትየዋም አራስ ቤት፣ በዚያው እግር ነው የሞተችው። አዴ ጁሀራ ጣሳውን አስቀምጠው «ጨሊሲ!» አሏት፣ ዝም በዪ። እናቴም እስክትሞት ዝም አለች። ኢፍቱ ለከማለዲን ስትታጭም ዝም አልን። የወሊድ ጣጣ እንጂ በወንድ ልጅ የሚያልፍ ነገር አልመሰለንም ነበራ።

አሁን ግን ዶክተሩ ጠየቀኝ፣ ነገሩም ሁሉ ገጠመልኝ። አዴ ጁሀራ የእናታቸውን እግር አይተዋል። የእህታቸውን እግር አይተዋል። የልጃቸውን እግር ሲያዩ አውቀውታል። ቢያንስ ጠርጥረዋል። አውቀው ነው ጥፋቱን በእህቴ ላይ የጣሉት።

ጎባ እስክንሄድ ድረስ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ግንባሬን መስገጃው ላይ ደፍቼ የማስበው አዴ ጁሀራ ሲሰሙት ፊታቸው ምን እንደሚመስል ነበር። አንዴ አማናውን አስብና እደነግጣለሁ። አንዴ ኢፍቱ አጥር ይዛ መቆሟን አስብና ድንጋጤው ይለቀኛል። አልወሰንኩም ነበር ብል ይሻላል። ምላሴን ግን ይዤው ሄድኩ።

ሚኒባስ ውስጥ ኢፍቱ እጄን ያዘችኝ። «እህቴ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ዛሬ ዝም በዪልኝ» አለች። «እሺ እላቸዋለሁ፣ ከዚያ ለክረምቱ ልጄን ስጡኝ ብዬ በሰላም እለምናቸዋለሁ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«እሺ» አልኳት። የእኔን «እሺ» የሚያምን ደግሞ እንደ እሷ ያለ የዋህ ነው።

የአዴ ጁሀራ ቤት ጭጋግ ውስጥ ነበር። መጅሊሱ ላይ ኢብሳ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ፊቱ የሰው ፊት አይመስልም፣ ዓይኑ ብቻ ደህና ነው። ከጎኑ የአባቱ ወንድም ሃጂ ዓብዱልፈታሕ አሉ፣ የቤቱ ትልቅ ሰው። አዴ ጁሀራ ጥግ ላይ ቀጥ ብለው፣ መስበሒያቸውን እየቆጠሩ። ሙሉካ የሻይ ሰርቢስ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ እናቷን አየች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ረዝማለች፣ የአባቷን አፍ ይዛለች። አንድ እርምጃ ልትሮጥ አለች። አዴ ጁሀራ ቀና ብለው አዩዋትና ልጅቷ ባለችበት ቆመች። ኢፍቱ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ብጽፈው ወረቀቱ ይቃጠላል።

ዶክተሩ አንድ በአንድ፣ ለብቻ ለብቻ ሊጠይቀን ፈልጎ ነበር። ሃጂ ዓብዱልፈታሕ እምቢ አሉት። «የዘር ነገር በጓዳ አይወራም ልጄ። ዘር በሰው ፊት ነው የሚቆጠረው» አሉና መቁጠር ጀመሩ። ከማለዲን አህመድ፣ አህመድ ገልገሎ፣ ገልገሎ ቡልቱም እያሉ አባት በአባት ወደ ላይ ወጡ። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ይህን ሳይችል ሚስት አይጠይቅም። እየቆጠሩም የእያንዳንዱን አሟሟት ይነግሩታል። አንዱ ከፈረስ ወድቆ፣ አንዱ በእርጅና፣ አንዱ ሐጅ ላይ። ዶክተሩ ወረቀት ላይ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሥር ሲሥል ቆየ።

«አየህ» አሉ ሃጂ ዓብዱልፈታሕ። «አንድም በእግሩ የሞተ የለም። በኩላሊትም የለም። ደማችን ንጹሕ ነው።»

«እናቶቻቸውስ?» አለ ዶክተሩ።

ሽማግሌው ሳቁ። «እናት ከሌላ ጎሳ ነው የምትመጣው። እናት አትቆጠርም።»

«ለዚህ በሽታ ትቆጠራለች፣ አባቴ። ልጅ ግማሹን የሚወርሰው ከእናቱ ነው።» ከዚያ ወደ አዴ ጁሀራ ዞረ። «እናትዎ በምን አረፉ?»

የመስበሒያው ድምፅ ቆመ። «በዕድሜ» አሉ።

«እኅት ነበረዎት?»

«ነበረችኝ። ደሎ መና ወርዳ ወባ ገደላት።»

ይህን ብለው ቢያቆሙ ኖሮ፣ በአላህ እምላለሁ፣ ዝም እል ነበር። ለኢፍቱ ስል ምላሴን ነክሼ እቀመጥ ነበር። አዴ ጁሀራ ግን አላቆሙም። አገጫቸውን ወደ እህቴ ቀሰሩና «ደም መቅዳት ከሆነ ነገሩ፣ የእሷን ቅዳ» አሉት። «ከልጄ በፊትም አንዱን በልታለች። ይኸው አሁን ክፉ ዓይኗ ሁለተኛ ልጄ ላይ ደርሷል። የሕፃኗን ደም እየው ያልኩህም ለዚህ ነው፣ ምን አውርሳት እንደሄደች ይታወቅ።»

ኢፍቱ አየችኝ። በዓይኗ «ማሎ» አለችኝ።

«አዴ ጁሀራ» አልኩ። ድምፄ ራሱን ችሎ የወጣ ነው የመሰለኝ። «ወባ እግር ያሳብጣል እንዴ?»

«ምን አልሽ?»

«እህትዎ ጎባ ነው የሞተችው፣ በዚሁ ሰፈር፣ አራስ ሆና። ግራ እግሯ ከጭኗ ድረስ አብጦ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። እናቴ አጠበቻት፣ እኔ ደገፍኳት፣ ውኃውን ያፈሰሱት እርስዎ ነበሩ። እናቴ ምን አለችዎ? ልክ እንደ እናትሽ አላለችዎትም?»

«ሃጂራ!» ሃጂ ዓብዱልፈታሕ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «አጣቢ ነሽ! አማና አለብሽ!»

«አለብኝ። ቂያማ ቀን እጠየቅበታለሁ፣ ለዚያ እኔ አለሁ። እህቴ ግን በሕይወቷ ሳለች ነው ከፈን፣ መግነዝ፣ ያለበሳችኋት፣ እሱንስ ማን ይጠየቅበት? አባት ስትቆጥሩ ዋላችሁ። ይኸው እኔ ደግሞ እናት ልቁጠርላችሁ። ከማለዲን ከጁሀራ። ጁሀራ ዲንሾ ላይ አራስ ቤት በእግሯ ከሞተችው እናቷ። ኢፍቱ የት አለች እዚህ ውስጥ? ዶክተር፣ ባል ከሚስቱ ይወርሳል?»

ዶክተሩ ሁለት እጁን አነሣ። «ወይዘሮ ሃጂራ፣ ይበቃል። እስካሁን የማንንም ደም አላየሁም—»

«ይወርሳል ወይ?»

«አይወርስም» አለ፣ ሳይወድ።

እኔ የምጠብቀው አዴ ጁሀራ ሲጮኹ፣ ሲረግሙኝ፣ «ውሸታም» ሲሉኝ ነበር። ለዚያ ሁሉ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን መስበሒያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«እናቴ» አለ ኢብሳ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። «ታውቂ ነበር?»

«የእናቴ እግር በእኔ አልፎ ልጄን ገደለው ብዬ ልቀመጥ?» አሉት። ድምፃቸው ሰው የሚያናግሩ አይመስልም። «እንደዚያ ብዬ እንዴት ጎኔን ላሳርፍ፣ ኢብሳ?» ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «ወጌሻ አሽቶታል። እኔ ነኝ ያስጠራሁት። እሷ ሆስፒታል ብላ ነበር። ማሸቱ... ማሸቱ ይጎዳል?»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። እንዲህ ያለ እግር ከታሸ የረጋው ደም ሊነቀል እንደሚችል ያውቃል፣ አሁን ደግሞ ለእናትየው መናገር አለበት። «ሊጎዳ ይችላል» አለ በመጨረሻ። «ሳይታሽም ሊሆን ይችል ነበር። አላወቁም ነበር፣ እናቴ።»

አዴ ጁሀራ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዋጋ እንደተነገራቸው ሰው። አላለቀሱም።

መጥገብ ነበረብኝ። ለሦስት ዓመት የፈለግሁት ፊት ይኸው ከፊቴ ነበር። አልጠገብኩም ግን። ገና እንዲናገሩ፣ ገና እንዲፈርሱ ፈልጌ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ሰምታችኋል፣ የተወጋ ሲወጋ ደግሞ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው የለም።

ሃጂ ዓብዱልፈታሕ ተናገሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ገፊ የምትባለው ቃል ከዚህ ቤት አፍ አትውጣ። ኢፍቱ፣ ይቅር በዪን። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትሂድ።» አዴ ጁሀራን አዩዋቸው። እሳቸውም ማንንም ሳያዩ «ውሰጃት» አሉ። ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ነው ያሉት።

ዞር ስል ሙሉካን አየኋት። የጓዳው በር ላይ ባዶውን ሰርቢስ በደረቷ ታቅፋ ቆማለች። ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበረች።

ኢፍቱ «እሺ» አለች፣ የሙሉካን ደምም ዶክተሩ ራሱ ቀዳ። ጎንበስ ብሎ ቀስ እያለ ነገራት። ምልክቱ ላይኖርባት እንደሚችል፣ ቢኖርባትም ማወቋ እንደሚጠቅማት፣ ረጅም መንገድ ስትሄድ እየተነሣች እንድትንቀሳቀስ፣ አድጋ ስትወልድ ለሐኪም እንድትናገር። ልጅቷ እጇን ዘርግታ ሰማችው። ዓይኗ ግን እሱ ላይ አልነበረም፣ እኔ ላይ ነበር። እኔም በሞኝነቴ ፈገግ አልኩላት።

ስንወጣ ዶክተሩ አጥሩ ጋ ያዘኝ። ተቆጥቷል፣ ቁጣው ግን የጨዋ ልጅ ቁጣ ነው። «ፍርድ አይደለም ብዬዎት ነበር» አለኝ። «እኔ የምፈልገው ምልክት ነው። እርስዎ ወንጀለኛ ፈለጉበት።»

«ወንጀለኛዋንም አገኘኋት» አልኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ሙሉካ መሐላችን ተቀመጠች። ኢፍቱ እስከ ሮቤ ድረስ ፀጉሯን ስትዳስስ ሄደች። እኔን አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ልጇን በእጇ አስገብቼላት ኩርፊያ! ይለፍላት ብዬ ተውኳት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሮቤ ገብቶ ነበር። ኢፍቱን ገፊ ይሏት የነበሩ ሴቶች አሁን «አካም ጅርታ፣ ኢፍቱ» እያሉ ደህንነቷን ጠይቀው እሷ ዘንድ ልብስ ያሰፋሉ። አንድ መምህርም፣ ቀድሞ ለትዳር ጠይቋት ገፊ መባሏን ሲሰማ የሸሸው፣ ሱሪ ላሳጥር እያለ መመላለስ ጀምሯል፣ ሱሪው አጥሮ አጥሮ ቁምጣ ሊሆን ነው። አዴ ጁሀራ ከቤት አይወጡም ይባላል። ኢብሳን ወደ ሆስፒታል የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው፣ ደጅ ይጠብቁታል፣ ከማንም ጋር አይነጋገሩም። ይህን ሲነግሩኝ ደስ ይለኛል። አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል።

በእኔ በኩል አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። የሱቄ ጎረቤት እናት ሞቱ፣ ቤተሰቡ አጣቢ ከጎባ አስመጣ። በሬን አልፋ ነው የሄደችው። ከዚያም ሌላ ሴት ሞተች፣ እኔን የጠራ የለም። ገበያ ውስጥም አንዷ የአንዷን ምሥጢር ስታወራ ከተያዘች «ሃጂራ ትጠብሽ!» ብለው መራገም ጀምረዋል፣ ይሳሳቃሉ። ይበሉ። እናቴ ያወረሰችኝን ሥራ ለእህቴ ስም መጥራት ሸጥኩት፣ በርካሽም አልሄደብኝም። እንዲህ እያልኩ ነበር የምውለው።

የዒድ ጨርቅ ከገባ በኋላ ነው። ለሙሉካ ከሁሉ የሚያምረውን መረጥኩላት፣ አረንጓዴ፣ ጫፉ ወርቃማ። ኢፍቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ናት፣ እኔ ደግሞ ሜትሬን ይዤ ልለካት ተንበረከክሁ። ከቤታችን ከገባች ጀምሮ እኔ ባለሁበት ልብሷን አትቀይርም፣ ለውዱእ እግሯን ስትታጠብ እንኳ በሩን ትዘጋለች። ዓይናፋር ናት ብዬ ነበር። ቁመቱን ልለካ የቀሚሷን ጫፍ ከቁርጭምጭሚቷ ትንሽ ከፍ ሳደርገው እግሯን ወደ ኋላ ሰበሰበችው።

«ምነው? አልነክስሽም እኮ» አልኳት።

«አክስቴ» አለች። ጨዋ ልጅ ናት፣ ድምፅዋም እንደ ወትሮው ነው። «ስሞት አንቺ አታጥቢኝም፣ አይደል?»

የኢፍቱ መኪና ቆመ።

«ምን ሞት ያወራሻል አንቺ?» አልኳት። ለመሳቅ ሞከርኩ። «እኔ ነኝ ቀድሜሽ የምሞተው፣ አሮጊቷ።»

«ምናልባት እግሬ እንደ አባዬ ከሆነ» አለች። «እማዬ ትጠበኝ። እማዬ ከሌለች የጎባዋ ሴትዮ ትምጣ። አንቺ ግን አይደለሽም። ቃል ግቢልኝ።»

እህቴን አየኋት። ታድነኝ ዘንድ፣ ትቆጣት ዘንድ። ኢፍቱ ጨርቁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ልጇን ሳትቆጣ፣ የእኔን መልስ እየጠበቀች አየችኝ።

«እሺ» አልኳት፣ ሜትሬንም ለእናቷ አቀበልኳት።